ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ከተራራ የመመለሻ ሰዓት

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስትጨርሱ፦
1. ስለ ብቸኛ የተራራ ጉዞ የቀረበውን ምንባብ ዋና ሐሳብ በራሳችሁ አነጋገር ትገልጻላችሁ፤
2. ሁኔታን የሚያመለክቱ ዓረፍተ ነገሮችን ለይታችሁ በትክክል ትጽፋላችሁ፤
3. የአንድን ውሳኔ ትክክለኛነት በምክንያት የሚያስረዳ አጭር ድርሰት ትጽፋላችሁ።

ሀ. ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ተወያዩ።

1. ከትምህርት ቤታችሁ ወይም ከቤታችሁ ሆናችሁ የምታዩት ከፍተኛ ተራራ የትኛው ነው? አናቱ ላይ ደርሶ ለመመለስ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብላችሁ ትገምታላችሁ?
2. የጀመሩትን ነገር ሳይፈጽሙ መተው ሁልጊዜ ነውር ነውን? ምክንያታችሁን ስጡ።
3. «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር መንገደኛን ምን ይመክረዋል?

ለ. ምንባብ

በዚህ ምንባብ የሚገኙት ዓመታትና ቀኖች በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። ምንባቡን መጀመሪያ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ በየተራ አንብቡ።

የመመለሻ ሰዓት

ተራራ መውጣት በብዙ አገሮች የታወቀ የስፖርት ዐይነት ነው። በደጋው የአገራችን ክፍል ግን አቀበት መውጣትና ቁልቁለት መውረድ የዕለት ኑሮ ነው። ወደ ገበያ የሚገሠግሠው ገበሬ፣ ከብቶቹን የሚከተለው እረኛ፣ ስንቁን ሊያመጣ ከከተማ ትምህርት ቤት ወደ ወላጆቹ ቀዬ የሚሄደው ተማሪ፣ ሁሉም ከተራራ ጋር ይተዋወቃሉ። ለጉዳይም ይሁን ለመዝናናት፣ ብቻውን ተራራ የሚወጣን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይኸውም «ከየት ላይ ልመለስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን በጊዜው መልስ ያልሰጡት ብዙ ብርቱ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ሁለት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። አንዱ ሲንገዳገድ ሌላው ያስተውላል፤ አንዱ «እንቀጥል» ሲል ሌላው «ይብቃን» ይላል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚዎች ከስካውት ጋር እንዲጓዙ በመደረጉ፣ እንግዳው ሰው አገሩን የሚያውቅ ሁለተኛ ዐይን ያገኛል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ግን ተሟጋቹም ዳኛውም ራሱ ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ ድካም፣ ብርድና የአየር መሳሳት የሚያጠቁት እግርንና ሳንባን ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ማመዛዘኛውን አእምሮም ያደነዝዛሉ። ስለዚህ በከፍታ ላይ የሚገኝ መንገደኛ የማመዛዘን ችሎታው የሚቀንሰው፣ ማመዛዘን እጅግ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ የመመለስ ውሳኔ ሊወሰን የሚገባው ከተራራው አናት አጠገብ ሳይሆን፣ ሰውየው ሳይደክም፣ ሳይበርደውና ሳይጓጓ፣ ገና ከግርጌው ሳለ ነው።

የመጀመሪያው ውሳኔ የሰዓት ውሳኔ ነው። ዊልያም ኔስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 የጉዞን ጊዜ ለመገመት የሚረዳ ቀላል ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አንድ ሰዓት ይታሰባል፤ በዚህም ላይ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ያህል አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት ይጨመራል። ለምሳሌ መንገዱ እስከ አናቱ ድረስ 10 ኪሎ ሜትር፣ አቀበቱም 1,200 ሜትር ቢሆን፣ ለመንገዱ 2 ሰዓት፣ ለአቀበቱ 2 ሰዓት፣ በጠቅላላው 4 ሰዓት ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ግምት ዕረፍትን አይጨምርም፤ የተጓዡን ሸክም፣ የመንገዱን ክፋትና የአየሩን መሳሳትም አይቆጥርም።

አሁን ስሌቱን ከማታው ተነሥተን ወደ ጧት እየተመለስን እንሥራው። ኢትዮጵያ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ፣ ዓመቱን ሙሉ ጀንበር የምትጠልቀው ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ከጠለቀችም በኋላ ጨለማው ፈጥኖ ይወርዳል። መንገደኛው ላልታሰበ ችግር 2 ሰዓት መጠባበቂያ ቢይዝ፣ 10 ሰዓት ላይ ከግርጌው መድረስ አለበት። ለመውረድም እንደ መውጣቱ 4 ሰዓት ቢመድብ፣ ከላይ የሚነሣው ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ይሆናል። ከጧቱ 1 ሰዓት ከተነሣ፣ እንደ ግምቱ 5 ሰዓት ላይ ከአናቱ ይደርሳል፤ ለዕረፍትና ለመዘግየት አንድ ሰዓት ይተርፈዋል። እንግዲህ የመመለሻው ሰዓት 6 ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ሲሆን አናቱ ላይ ቢሆንም፣ መንገድ አጋማሽ ላይ ቢሆንም፣ አናቱ በድንጋይ ውርወራ ርቀት ላይ ቢሆንም ይመለሳል። ሰዓቱ የተቆረጠው የአናቱን ቅርበት በመለካት ሳይሆን የቀኑን ብርሃን በመለካት ነውና።

ሁለተኛው ውሳኔ የምልክት ውሳኔ ነው። የመመለሻው ሰዓት ገና ባይደርስም፣ ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ እንኳ ከታየ ጉዞው እዚያው ላይ ይቆማል።

አንደኛው የሰማይ ምልክት ነው። በክረምት በደጋው አገራችን ጧት የጠራው ሰማይ ከቀትር በኋላ ነጎድጓድ ሊያመጣ ይችላል። ድምፅ በአየር ውስጥ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የመብረቁ ብልጭታ ታይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ድረስ ያለው ጊዜ ከ30 ሴኮንድ ካነሰ፣ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ክልል ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ከሸንተረርና ከተጋለጠ አናት ፈጥኖ መውረድ ያስፈልጋል፤ ብቻውን የቆመ ዛፍም መጠለያ አይሆንም።

ሁለተኛው የሰውነት ምልክት ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ሲወጣ፣ ይልቁንም ከቆላ የመጣና ከፍታ ያልለመደ ሰው፣ የከፍታ ሕመም ሊያጋጥመው ይችላል። የአገራችን ከፍተኛ ተራራ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ከፍታ አለው፤ እዚያ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጂን በባሕር ጠለል ላይ ከሚገኘው ግማሽ ጥቂት ብቻ ይበልጣል። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ያልተለመደ ድካም የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክቶች ናቸው። እነዚህ የታዩበት ሰው ከዚያ በላይ መውጣት አይገባውም፤ ካልተሻለውም ይወርዳል። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ጋር እያገጣጠመ ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ግን ነገሩ ለሕይወት የሚያሰጋ ስለሆነ ለመውረድ አንዲት ደቂቃም ማባከን የለበትም።

ብርድም እንዲሁ ነው። የሰውነት ሙቀት ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያሽቆለቁል ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ በቆፈን ተይዘው ቁልፍ መቆለፍ ይሳናቸዋል፤ አንደበቱም ይተሳሰራል። ሙቀት ሳያገኝ መንቀጥቀጡ ቢቆም የተሻለው ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ይህ የሰውነቱ ኀይል ማለቁን የሚያስታውቅ የባሰ ምልክት ነው። ጓደኛ ቢኖር ኖሮ ይህን ከፊቱ ያነብለት ነበር፤ ብቸኛው መንገደኛ ግን ራሱን በየጊዜው መመርመር አለበት። ጣቱን ማንቀሳቀስ፣ ስሙንና የመጣበትን መንገድ ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር፣ ቃሉ ሳይደነቃቀፍ መውጣቱን ማዳመጥ ቀላል መመርመሪያ ይሆነዋል።

ሦስተኛው የመንገድ ምልክት ነው። ጉም አካባቢውን ሲሸፍነው፣ የእግር መንገዱ ሲጠፋ፣ ወይም ሊወጡት እንጂ ሊወርዱት የማይቻል ገደል ሲያጋጥም መመለስ ይገባል። መንገድ የጠፋው ሰው ወደ ፊት እየገፋ መንገድ አይፈልግም፤ በእርግጥ ወደሚያውቀው የመጨረሻ ቦታ ይመለሳል። ስለዚህም ብልኅ መንገደኛ ሲወጣ ሳለ ዘወር እያለ የኋላውን ያያል። መንገድ ሲሄዱበትና ሲመለሱበት መልኩ አንድ አይደለምና።

አራተኛው የስንቅ ምልክት ነው። ውኃው ከተጋመሰ፣ የቀረው ግማሽ የመመለሻው ድርሻ ነው።

መመለስ ከባድ የሚሆነው እነዚህን ምልክቶች ባለማወቅ ብቻ አይደለም። ሰው ምልክቱን እያየ እንዲያልፈው የሚያደርጉ ሦስት የልብ ክርክሮች አሉ። የመጀመሪያው «የቀረኝ ጥቂት ነው» ይላል። ነገር ግን አናቱ የጉዞው እኩሌታ እንጂ መጨረሻ አይደለም፤ የጉዞው መጨረሻ የቤት ደጃፍ ነው። ሁለተኛው «ይህን ሁሉ ደክሜ እንዴት ልተወው?» ይላል። የጠፋው ድካም ግን ቢቀጥሉም ቢመለሱም አይገኝም፤ መመዘን ያለበት ከፊት ያለው አደጋ ነው። ሦስተኛው ክርክር ይሉኝታ ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል? ፈራ አይለኝምን?» ይላል። ይህ ከሁሉ የበረታ ነው። በተራራው ላይ ግን ሰሚም ተመልካችም የለም፤ መንገደኛው የሚያፍረው በልቡ ይዞት የወጣውን ሰው ነው። ቤት የሚጠብቁት ዘመዶቹ ቢጠየቁ፣ አናቱን ረግጦ ከሚቀርባቸው ይልቅ ሳይረግጥ ቢመጣላቸው እንደሚመርጡ አያጠራጥርም።

በሌላ በኩል ድካም ሁሉ የመመለሻ ምልክት አይደለም። አቀበት ያደክማል፤ ያልባል፤ ጉልበትን ያዝላል። ዐርፈው፣ ውኃ ጠጥተውና እህል ቀምሰው የሚያልፍ ድካም የጉዞው ባሕርይ ነው። ዐርፈውም የማይለቅ ድካም ግን ምልክት ነው። አስቀድሞ የተወሰነ ደንብ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ደንብ የሌለው ሰው ወይ በፍርሃት ያለጊዜው ይመለሳል፣ ወይ በድፍረት ጊዜው ካለፈ በኋላ ይቀጥላል።

የዚህን ነገር እውነተኛነት ከሚያስረዱ ታሪኮች አንዱ በ1996 በዓለም ከፍተኛው ተራራ በኤቨረስት ላይ የተፈጸመው ነው። ዮራን ክሮፕ የተባለ ስዊድናዊ በኦክቶበር 1995 ከአገሩ በብስክሌት ተነሥቶ፣ ዕቃውን ራሱ ይዞ፣ ወራት ከፈጀ ጉዞ በኋላ ኔፓል ደረሰ። ዓላማው 8,849 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ያለ ተሸካሚና ያለ ኦክስጂን ጠርሙስ ብቻውን መውጣት ነበር። ሜይ 3 ቀን 1996 በጥልቅ በረዶ ውስጥ እየታገለ፣ ከአናቱ 100 ሜትር ያህል እስኪቀረው ድረስ ወጣ። ከስዊድን ድረስ የመጣለት ነገር ጥቂት ብቻ ቀርቶታል። ነገር ግን ቀኑ እየገፋ ነበር፤ ቢቀጥል ኖሮ በዝለትና በጨለማ መውረድ ግድ ይሆንበት ነበር። ክሮፕ ፊቱን አዙሮ ወረደ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ሜይ 10 ቀን፣ ልምድ ባላቸው መሪዎች የሚመሩ ሌሎች ጓዶች ወደዚያው አናት ወጡ። ከቀኑ 7 ወይም 8 ሰዓት በኋላ ወደ ላይ መቀጠል እንደማይገባ ቀደም ሲል ተነግሮ ነበር። ዳሩ ግን ሰዓቱ በጥብቅ አልተከበረም፤ በርከት ያሉት ከ8 ሰዓት በኋላ፣ አንዳንዶቹም 10 ሰዓት ገደማ ከአናቱ ደረሱ። ሲወርዱ ማዕበል ያዛቸው። በዚያ ማዕበል በተራራው ደቡብና ሰሜን በኩል በጠቅላላው 8 ሰዎች ሞቱ። ሮብ ሆልና ስኮት ፊሸር የተባሉት የታወቁ የጓድ መሪዎችም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ለአደጋው መዘግየት ብቻውን ምክንያት አልነበረም፤ ሆኖም የዘገዩትን ከማዕበሉ ጋር ያገናኛቸው መዘግየታቸው ነው። መሪ፣ ጓደኛና ልምድ ያላቸው ሰዎች የተቆረጠን ሰዓት ማክበር ይህን ያህል ከከበዳቸው፣ ብቻውን ላለ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ክሮፕ ሜይ 23 ቀን እንደገና ወጥቶ የኤቨረስትን አናት ረገጠ። ይሁንና የሜይ 3 ውሳኔው ትክክል የሆነው በኋላ ስለተሳካለት አይደለም። ተራራውን ዳግመኛ ባይወጣው ኖሮ እንኳ ውሳኔው ትክክል በሆነ ነበር። ውሳኔ የሚመዘነው በሚወሰንበት ሰዓት በሚታወቀው ነገር እንጂ፣ ኋላ በሚገኘው ዕድል አይደለምና።

ሐ. የቃላት ጥናት

የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸው ፍች ይህ ነው።

ግርጌ፦ የተራራ ሥር፤ የታችኛው ጫፍ።
ሸንተረር፦ ተያይዞ የሚሄድ ከፍ ያለ የመሬት ጀርባ።
ቆፈን፦ ጣትን የሚያደነዝዝ ብርድ።
ዝለት፦ የጉልበት መድከም፤ መላላት።
ይሉኝታ፦ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ማሰብ፤ ኀፍረት።
መጠባበቂያ፦ ላልታሰበ ችግር የሚቀመጥ ትርፍ።

መልመጃ አንድ

1. ከላይ በተሰጡት ስድስት ቃላት የየራሳችሁን ዓረፍተ ነገር ሥሩ።
2. «አቀበት፣ ግርጌ፣ መውጣት፣ ድፍረት» ለሚሉት ቃላት ተቃራኒያቸውን ከምንባቡ ውስጥ ፈልጋችሁ ጻፉ።
3. «መለሰ» ከሚለው ግሥ «ተመለሰ፣ መላሽ፣ ምላሽ፣ መመለሻ» የሚሉት ቃላት ይወጣሉ። «ጥያቄ መመለስ»፣ «ዕቃ መመለስ»፣ «ከመንገድ መመለስ» በሚሉት ሐረጎች ውስጥ ግሡ ያለውን የፍች ልዩነት አስረዱ።

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

መልመጃ ሁለት

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።

1. ብቻውን የሚጓዝ ሰው «ተሟጋቹም ዳኛውም ራሱ ነው» የተባለው ለምንድን ነው?
2. የመመለሱ ውሳኔ ከተራራው ግርጌ መወሰን ያለበት ለምንድን ነው? ምንባቡ የሚሰጠውን ምክንያት ግለጹ።
3. አንድ መንገደኛ እስከ አናቱ 5 ኪሎ ሜትር መንገድና 900 ሜትር አቀበት አለበት። በኔስሚዝ ደንብ መሠረት ለመውጣት ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? ለመውረድም ያንኑ ያህል ጊዜ ቢመድብና 2 ሰዓት መጠባበቂያ ቢይዝ፣ የመመለሻው ሰዓት ስንት ይሆናል?
4. የመንገደኛው መንቀጥቀጥ ሙቀት ሳያገኝ ቢቆም የመሻል ምልክት ነውን? አስረዱ።
5. ከሦስቱ የልብ ክርክሮች በእናንተ አስተያየት የበለጠ አሳሳች የትኛው ነው? ለምን?
6. የምንባቡ ጸሐፊ የክሮፕ ውሳኔ ትክክል የነበረው «በኋላ ስለተሳካለት አይደለም» ይላል። በዚህ ሐሳብ ትስማማላችሁን?

ሠ. ሰዋስው፦ ሁኔታን የሚያመለክቱ ዓረፍተ ነገሮች

አንድ ድርጊት የሚፈጸመው ሌላ ነገር ሲሟላ መሆኑን የሚገልጽ ዓረፍተ ነገር የሁኔታ ዓረፍተ ነገር ይባላል። ዓረፍተ ነገሩ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው ሁኔታውን የሚናገረው ጥገኛ ክፍል፣ ሁለተኛው ውጤቱን የሚናገረውና በማሰሪያ አንቀጽ የሚያልቀው ዋና ክፍል ነው። በአማርኛ ሁኔታ የሚገለጽባቸውን ዋና ዋና መንገዶች ቀጥለን እንመልከት።

1. «ከ» ከሐላፊ ግሥ ጋር። አሉታው «ካል» ነው።

ጉም ከወረደ እመለሳለሁ።
እስከ 6 ሰዓት ካልደረስሁ እመለሳለሁ።

በዚህ መንገድ የሚነገረው ሁኔታ ሊደርስ የሚችል ነው፤ ተናጋሪውም ለዚያ ጊዜ የሚያደርገውን ቆርጦ ይናገራል።

2. «ቢ» ከትንቢት ግሥ ጋር። አሉታው «ባይ» ነው።

ጉም ቢወርድ እመለሳለሁ።
ውኃ ባላገኝ እመለሳለሁ።

ይህም ሊሆን የሚችልን ነገር ይናገራል፤ ነገር ግን ከመጀመሪያው ይልቅ ግምትነቱ ይጐላል። ባዕድ መነሻው ከመደቡ ጋር እየተስማማ መልኩን ይለውጣል፦ ብመለስ፣ ብትመለስ፣ ብትመለሺ፣ ቢመለስ፣ ብንመለስ፣ ብትመለሱ፣ ቢመለሱ።

3. «ቢ … ኖሮ»። ማሰሪያው «ነበር» ይሆናል።

በጊዜው ተመልሶ ቢሆን ኖሮ በጨለማ አይያዝም ነበር።
ጓደኛ ቢኖር ኖሮ ያስተውልለት ነበር።

ይህ ዐይነቱ ዓረፍተ ነገር ሳይሆን የቀረን ነገር ይናገራል። ሰውየው አልተመለሰም፤ ጓደኛም አልነበረም። ዋናው ክፍል «በ» በሚለው መነሻም ሊሠራ ይችላል፦ «ተመልሶ ቢሆን ኖሮ በዳነ ነበር።»

4. «ቢ … ም»።

ጉም ቢወርድም ጉዞውን አልተወም።

«ቢ» በተጨመረበት ግሥ መጨረሻ ላይ «ም» ሲገባ ሁኔታው ሁኔታነቱን ያጣል። «ጉም ቢወርድ እመለሳለሁ» የሚል ሰው ለጉሙ ይታዘዛል፤ «ጉም ቢወርድም እወጣለሁ» የሚል ሰው ግን ጉሙን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ሁለቱን መንገደኞች የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት። ስለዚህ በምትጽፉበት ጊዜ «ም»ን ያለቦታዋ እንዳትጨምሩ፣ ከቦታዋም እንዳትጥሏት ተጠንቀቁ።

ማስታወሻ። በ«ከ» የተሠራውን የመጀመሪያውን ዐይነትና በ«ኖሮ» የተሠራውን ሦስተኛውን ዐይነት አስተያዩ። «ካልደረስሁ እመለሳለሁ» የሚባለው ጉዞው ሳይጀመር ነው። «ተመልሼ ቢሆን ኖሮ» የሚባለው ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የመጀመሪያው የጥንቃቄ ቋንቋ፣ ሦስተኛው የጸጸት ቋንቋ ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገርም ይህንኑ ልዩነት ያመለክታል።

መልመጃ ሦስት

በቅንፍ ውስጥ ያለውን ግሥ ለዓረፍተ ነገሩ በሚስማማ መልክ ጻፉ።

1. ነጎድጓድ (ተሰማ) ፈጥነህ ከሸንተረሩ ውረድ።
2. ትናንት ማልደን (ተነሣ) ኖሮ ሳይመሽ እንደርስ ነበር።
3. ዝናቡ (በረታ) እረኛው ከብቶቹን ጥሎ አልሸሸም።
4. እስከ 12 ሰዓት (አልመጣ) ፈልጉኝ።

መልመጃ አራት

በሚከተሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያለውን ስሕተት አርማችሁ ጻፉ፤ ስሕተቱ ምን እንደሆነም አስረዱ።

1. መብረቅ ከታየ ኖሮ ከአናቱ እወርድ ነበር።
2. ትናንት ውኃ ይዘህ ቢሆን ኖሮ አትጠማም።
3. ራሱን ቢያመውም ሕመሙን ፈርቶ ወዲያው ወረደ።
4. መንገዱ ካልጠፋኝ ወደማውቀው ቦታ ተመልሼ መንገዱን እፈልጋለሁ።

ረ. ድርሰት

1. የጉዞ ማስታወሻ

ብቻውን የሚጓዝ ሰው ከመነሣቱ በፊት ለቤተ ሰቡ አጭር ማስታወሻ መተው ይገባዋል። ማስታወሻው የሚከተሉትን ነጥቦች ይይዛል፦ ወዴት እንደሚሄድ፣ በየትኛው መንገድ እንደሚወጣና እንደሚወርድ፣ መቼ እንደተነሣ፣ የመመለሻው ሰዓት ስንት እንደሆነ፣ ከዘገየ ከየት ሰዓት ጀምሮና በየት በኩል እንደሚፈለግ። አጻጻፉ አጭርና ግልጽ መሆን አለበት፤ ማስታወሻውን የሚያነበው ሰው በጭንቀት ላይ ሊሆን ይችላልና። ለምሳሌ፦

«እማዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት ተነሥቼ በምንጩ በኩል ወደ ተራራው ወጥቻለሁ። የምመለሰውም በዚያው መንገድ ነው። 6 ሰዓት ሲሆን የትም ብደርስ ፊቴን አዞራለሁ። 10 ሰዓት ላይ ቤት እደርሳለሁ። እስከ 12 ሰዓት ካልመጣሁ ለአጎቴ ንገሪው፤ በምንጩ መንገድ ይፈልጉኝ።»

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ ያሉትን የሁኔታ ዓረፍተ ነገሮች ለዩ። ቀጥሎም እናንተ ከምታውቁት ቦታ ተነሥታችሁ ወደምታውቁት ተራራ ለመሄድ ያሰባችሁ መስላችሁ የራሳችሁን ማስታወሻ ጻፉ። የመመለሻውን ሰዓት በምንባቡ እንደ ታየው በስሌት አግኙት።

2. አስረጂ ድርሰት

ከሚከተሉት አርእስት አንዱን መርጣችሁ ከአንድ ገጽ ተኩል ያልበለጠ ድርሰት ጻፉ።

ሀ. በጊዜው መመለስ ፍርሃት ነውን?
ለ. ይሉኝታ ሲጠቅምና ሲጎዳ
ሐ. አስቀድሞ የተወሰነ ደንብ በተራራ ብቻ ሳይሆን በትምህርትና በገንዘብ አያያዝም ይጠቅማል

ከመጻፋችሁ በፊት የድርሰታችሁን አስተዋጽኦ አዘጋጁ። በመግቢያው የምትደግፉትን ሐሳብ በአንድ ወይም በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጹ። በሐተታው ቢያንስ ሦስት ምክንያቶችን በየአንቀጹ ለይታችሁ አቅርቡ፤ ለእያንዳንዱም ካያችሁት ወይም ካነበባችሁት ነገር ምሳሌ ስጡ። ከእናንተ የተለየ አስተያየት ያለው ሰው ሊያነሣ የሚችለውን አንድ ተቃውሞ ጠቅሳችሁ መልስ ስጡበት፤ ተቃውሞውን ስትጠቅሱ ግን አቃላችሁ አትጻፉ። በመደምደሚያው የመግቢያውን ቃል እንዳለ አትድገሙ፤ ከሐተታው የተገኘውን ውጤት ብቻ ግለጹ።

ጽፋችሁ ስትጨርሱ ድርሰታችሁን ከጓደኛችሁ ጋር ተለዋውጣችሁ አንብቡ። የጓደኛችሁ ምክንያት የሚደክምበትን ቦታ በጠርዙ ላይ በእርሳስ አመልክቱ። ብቻውን የሚጽፍ ሰውም እንደ ብቸኛው መንገደኛ ስሕተቱን የሚያይለት ሁለተኛ ዐይን ያስፈልገዋል።